ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ የሚጎዳው ሰው ለምን ይለያያል?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ሲነገር "ጥቁር ሰው አይዘውም" የሚል ወሬ በየቦታው ይናፈስ ነበር፤ ባሕር ዳርም አልቀረላትም። ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ከአሜሪካዋ ቺካጎ የወጣው ቁጥር ወሬውን ገለበጠው። በዚያች ከተማ ጥቁሮች ከነዋሪው 30 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ እስከዚያ ቀን በኮሮና ከሞቱት ግን ከ10 ሰዎች ሰባቱ ገደማ እነሱ ነበሩ። ትናንት "ደማችን ይከላከልልናል" ሲል የነበረው ሰው "ደማችን ደካማ ነው እንዴ?" ወደ ማለት ዞረ።

ሁለቱም አነጋገር ምክንያቱን ደም ውስጥ ይፈልጋል። ምክንያቱ በአብዛኛው ያለው ግን ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በሚጠጣው ውኃ፣ ክትባቱ በሚመጣበት መንገድና በምርመራው ወረፋ ላይ ነው። ይህን ለማየት ቺካጎ መሄድ አያስፈልግም፤ ከባሕር ዳር ወደብ ተነስቶ በጣና ሐይቅ ውስጥ እስካለው ደቅ ደሴት ድረስ ባለው ርቀት ውስጥ ሁሉም አለ።

"የጤና ኢፍትሐዊነት" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ በጉንፋን ይጎዳል። ይህ የዕድሜ ነገር ነው፤ ማንም አልበደለውም። የጤና ኢፍትሐዊነት የሚባለው ሊቀር ሲችል ያልቀረ ልዩነት ነው። በዘር፣ በብሔር፣ በመኖሪያ ወይም በኑሮ ደረጃ ከሌላው የተለዩ ሰዎች በአንድ በሽታ አብልጠው ሲያዙ፣ ሕመማቸው ዘግይቶ ሲታወቅ ወይም በሚድን በሽታ ሲሞቱ ማለት ነው።

ከመራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ አንድ ነው። በቦዩ ራስ ያለው ገበሬ እስኪበቃው ያጠጣል፤ ጫፍ ላይ ያለው ግን በየመንገዱ ተጠልፎ ተጠልፎ የተረፈውን ይጠብቃል። ዘሩም አፈሩም አንድ ሆኖ ሰብሉ ይለያያል። የጫፉን ማሳ አይቶ "ይህ ሰው እርሻ አያውቅም" የሚል ካለ፣ ቦዩን ተከትሎ አልሄደም ማለት ነው። ክትባትም፣ ምርመራም፣ መድኃኒትም የሚመጡት እንዲሁ በቦይ ነው።

ታዲያ የዘር ጉዳይ ጭራሽ የለበትም?

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ራሱ ያደረገው ሙከራ አለ ማለት ይቻላል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት የሳሞአ ደሴቶች በ1918 እ.ኤ.አ. በሁለት ገዥዎች ሥር ነበሩ፤ ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ያስተዳድሩት ነበር። ሕዝቡ አንድ ነው፦ ቋንቋው፣ ደሙ፣ ምግቡ። ኅዳር 1918 እ.ኤ.አ. ታሉን የምትባል መርከብ በዚያ ዘመን ዓለምን ያጥለቀለቀውን ኢንፍሉዌንዛ ይዛ ወደ ምዕራቡ ወደብ ገባች፤ የከለከላት የለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕዝቡ 22 ከመቶ ገደማ አለቀ። መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቀው የአሜሪካው ሳሞአ አስተዳዳሪ ግን ወደቡን ዘጋ፤ መርከብ ሁሉ በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ አደረገ። በዚያ በወረርሽኙ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። የለየው የወደብ ውሳኔ ብቻ ነው።

ዘረ መል ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ቀድሞ ኢንተርፌሮን በሚባል መርፌ ይታከም ነበር፤ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች በመርፌው የሚድኑት ከአውሮፓውያን ባነሰ ቁጥር ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የልዩነቱን ከፊል ምክንያት በአንድ ዘረ መል ውስጥ አገኙት። እውነተኛ ግኝት ነው። ይሁንና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአፍ የሚዋጡት አዳዲስ ክኒኖች መጡ፤ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ከ100 በሽተኛ ከ95 በላዩን ያድናሉ። ዘረ መሉ አሁንም እዚያው ሰው ውስጥ አለ፤ ክኒኑን ካገኘ ግን ብዙም ለውጥ አያመጣበትም። የቀረው ልዩነት ክኒኑን የሚያገኘውና የማያገኘው ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ቫይረሱን የት ያገኙታል?

በጣና ዳር የሚኖረውን ነገደ ወይጦ የሚባለውን ማኅበረሰብ እንውሰድ። ደንገል ቆርጦ ታንኳና ቅርጫት መሥራት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ የቆየ ሙያው ነው። ቀድሞ ጉማሬ ያድንና ይበላ ስለነበር ሌላው ሕዝብ ለብዙ ትውልድ አብሮት ማዕድ አልቆረሰም፤ አልተጋባውምም። ባሕር ዳር ስትሰፋ ደግሞ የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመናፈሻ ተፈላጊ ሆነ፤ የማኅበረሰቡ መኖሪያም ጠበበ።

ይህ ሁሉ ለቫይረስ መንገድ ይከፍታል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ሰው ሲያድር ኩፍኝም ኢንፍሉዌንዛም ከአንዱ ወደ ሁሉም ለመድረስ ቀናት ይበቁታል። ከሐይቁ በቀጥታ የሚቀዳ ውኃ ከሰገራ ጋር ሲነካካ ሮታ ቫይረስ ሕፃናቱን በተቅማጥ ይጥላል፤ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ጉበት ያሳምማሉ። ሄፓታይተስ ኢ በተለይ ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው፦ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከተያዙት ከ20 እስከ 25 ከመቶ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ውኃው እስኪንተከተክ ፈልቶ አንድ ደቂቃ ከቆየ (ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሦስት ደቂቃ) እነዚህ ቫይረሶች ይሞታሉ። ክሎሪን የሚጨምር ሰው ድፍርስ ውኃን መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልለው፤ ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚበላው ለቫይረሱ የሚተርፍ ኃይል አይኖርም። "ጨምሬ እኮ ነው የጠጣሁት" የሚሉ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው መንገድ ምላጭ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። እንጥል የተቆረጠበት፣ ዋግምት የተደረገበት ወይም ፀጉር የተላጨበት ምላጭ ቢጠረግና ንጹሕ ቢመስልም ለሚቀጥለው ሰው አደገኛ ነው።

ክትባቱ ባሕር ዳር ደርሶ ደሴቱ ላይ ለምን ይጎድላል?

ሰው ብዙውን ጊዜ "ክትባት አልፈልግ ብለው ነው" ይላል። እምቢ የሚል አለ፤ ከዚህ በላይ ግን ክትባቱ ራሱ አጓጓዙና አከፋፈቱ ወጪና ድካም ያለው ነገር መሆኑ ይረሳል።

የኩፍኝን ጠርሙስ እንመልከት። ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይመጣና ባለሙያዋ ከራሱ ጋር በተላከው ፈሳሽ ታሟሟዋለች። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የሚቆየው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው፤ ባክቴሪያ የሚከላከል ንጥረ ነገር ስለሌለበት ከዚያ በኋላ ቢሰጥ ሕፃን ሊገድል ይችላል፤ መጣል አለበት። አንዱ ጠርሙስ ደግሞ በብዙ ቦታ ለ10 ልጆች የሚሆን ነው። ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ይህ ችግር አይደለም፤ ረፋዱ ሳያልፍ 10 ልጅ ይሞላል። በጥቂት ቤቶች የተበተነ የደሴት ጎጥ ላይ ግን ሦስት እናቶች ብቻ ልጅ አዝለው ሲመጡ ባለሙያዋ ሰባቱን ለመጣል ትፈራለች፤ የብክነት ሪፖርት አለባት። "ሌሎቹ ሲሟሉ ሰኞ ተመለሱ" ትላለች። ሰኞ ንፋስ ካለ ጀልባ አይነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ጠርሙሱ ይከፈት የሚል ነው፤ የሚጣለው ክትባት ከሚታመም ልጅ ይረክሳል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ተመልሳ የሄደች እናት ፈተናው ሁለቴ ነው የሚጠብቃት።

ቅዝቃዜውም የራሱ ጣጣ አለው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ይመስለዋል፤ ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታ ግን አንዴ ከረጋ አከተመለት። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሙቀትን ስለሚፈራ ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ በሳጥኑ ዙሪያ ይደረድራል፤ ጀልባው ደቅ ሳይደርስ ጠርሙሶቹ ይረጋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥቶ ውጭ ማስቀመጥ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ መጠበቅ፣ ከዚያ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ መክተት። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ሕፃኑ መርፌውን ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፣ መከላከያ ግን የለውም። በቁጥር የተከተበ፣ በአካል ያልተከተበ ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሚበዛው ደግሞ መንገዱ በረዘመበት ቦታ ነው።

በሙቀት መበላሸቱን ለማወቅ ጠርሙሱ ላይ ክብና በውስጡ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ ሲሆን ይሠራል፤ ከክቡ እኩል ከጠቆረ ወይም ከበለጠ መጣል ነው። መርጋቱን ግን ይህ ምልክት አያሳይም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፤ በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳር ደግሞ እምቦጭ የጀልባ መውጫውን ይሸፍናል። በየብስም በውኃም ሲዘጋ የሚቀረው ጫፍ ላይ ያለው ነው።

"90 ከመቶ ተከትቧል" ከተባለ ምኑ ያስጨንቃል?

አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለምሳሌ አንድ ቀበሌ ውስጥ 1,000 ልጆች አሉ እንበል። 900ዎቹ አስፋልት ዳር የሚኖሩ ናቸው፤ ከእነሱ 95 ከመቶው፣ ማለትም 855 ልጆች፣ ተከትበዋል። 100ዎቹ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሰፈር ያሉ ናቸው፤ ከእነሱ የተከተቡት 40 ብቻ ናቸው። ድምሩ 895 ነው፤ ሪፖርቱ "89.5 ከመቶ" ይላል፤ ስብሰባ ላይ ይጨበጨባል። በሐይቁ ዳር ሰፈር ግን 60 ያልተከተቡ ልጆች በአንድ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ፣ በአንድ ክፍል ያድራሉ።

የኩፍኝ ቫይረስ አማካይ አያውቅም። አንድ ታማሚ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፤ ስርጭቱን ለመግታት በየሰፈሩ 95 ከመቶ ገደማ መከተብ አለበት። ወረርሽኙ ሲነሳ "እንዴት? እኛ ዘንድ ሽፋን ጥሩ ነበር" የሚሉት ኃላፊዎች እየዋሹ አይደለም፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ጥያቄው ግን የተሳሳተ ነው። የጤና ተቋም መዝገብ ዕድሜ፣ ጾታና ቀበሌ ይጽፋል፤ ከቀበሌ በታች ያለው ሰፈር ወይም የማኅበረሰቡ ማንነት ተለይቶ ካልተቆጠረ ክፍተቱ በማንም ዓይን አይገባም። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ክፍተት ይኸው ነው፤ ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም፣ ክትባት አይላክለትም።

የጉበቱ ቫይረስ ለምን ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል?

ዓይን ሲቢጫ ሕዝቡ "የወፍ በሽታ" ይላል፤ ብዙ ሰውም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባሕል ሐኪም ነው። ቢጫነቱ የጉበት መታወክ ምልክት ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ችግሩ አብዛኛው የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚ ዓይኑ አይቢጫም፤ ለዓመታት ምንም ሳያመው ይኖርና በ30ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዕድሜው ጉበቱ ይጠነክራል፣ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ወይም የጉበት ካንሰር ይገኝበታል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖር ነበር፤ ከእነዚህ 65 ሚሊዮኑ አፍሪካ ውስጥ ናቸው። መያዙን የሚያውቀው 13 ከመቶው ሲሆን መድኃኒት የሚወስደው 3 ከመቶው ብቻ ነበር።

የሚወስነው የተያዙበት ዕድሜ ነው። አዋቂ ሰው ቢያዝ ከ100 ከ95 በላዩ ቫይረሱን ራሱ ያስወግደዋል። በሕፃንነቱ የተያዘ ግን ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ስለዚህ ከባዱ ፍልሚያ ያለው በወሊድ ሰዓትና በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ኢትዮጵያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፔንታን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ትሰጣለች። ይህ በጨቅላነት የሚመጣውን ብዙ መያዝ አስቀርቷል። ከእናት በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለማስቀረት ግን 6 ሳምንት ረጅም ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ የያዘ ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። እዚህ ላይ ቦዩ እንደገና ይጠብባል፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 ከመቶ ነበሩ። ሌሊት ምጥ የያዛት የዘጌ ወይም የደቅ እናት ጀልባ እስኪነጋ ከጠበቀች ልጇ ቤት ይወለዳል። ያ 24 ሰዓት የሚያልፈው ማንም ሳያየው ነው።

ሁለተኛው መከላከያ በእርግዝና ጊዜ ይጀምራል። ለምርመራው አንድ ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሁለት መስመር ከታየ ቫይረሱ አለ። እንዲህ ለተገኘባት እናት ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ቢሰጣት ወደ ልጇ የሚያልፈው ቫይረስ በጣም ይቀንሳል። ቀድሞ ይህን ለመወሰን በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት መለካት ይጠየቅ ነበር፤ ያ ምርመራ ትልቅ ማሽን ስለሚፈልግ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምርመራው በሌለበት ቦታ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ መድኃኒቱን ልታገኝ እንደምትችል ይናገራል። ቴኖፎቪር ለኤችአይቪ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነውና አገር ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ሌላ ቦታም አለ። ኤችአይቪ ተመርምራ የወጣች ነፍሰ ጡር "ደሜ ታየ፣ ነጻ ነሽ ተባልኩ" ብላ ትሄዳለች፤ የጉበቱ ግን አልታየ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ መርፌ በተቀዳ ደም የሚሠሩ የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው።

መሣሪያ ራሱ ሰው ይለያል?

አንዳንዴ አዎ። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው የሚያነበው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው ካላቸው ጥቁር ታማሚዎች 12 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት በደም ምርመራ ሲታዩ ኦክሲጅናቸው በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከነጮቹ እንዲህ የሆኑት 4 ከመቶ ገደማ ናቸው። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መለኪያው 93 እያለ ሰውየው ግን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን ማመን ይሻላል። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሒና ወይም የጥፍር ቀለም ሲኖርም ያሳስታል።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ምን ይጠይቁ?

ነፍሰ ጡር ከሆኑ "የጉበት ቫይረስ ምርመራ ተሠርቶልኛል?" ብለው በስሙ ይጠይቁ፤ ካርዱ ላይ ውጤቱ እንዲጻፍ ያድርጉ። ከተገኘብዎ "ልጄ በተወለደ በ24 ሰዓት የሚሰጠው ክትባት የት ይገኛል?" የሚለውን ምጥ ሳይመጣ ይወቁ። በባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ናቸው፤ በደሴትና በልሳነ ምድር የሚኖር ቤተሰብ በዘጠነኛው ወር ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ቢሰነብት ይመረጣል። ወላጅዎ ወይም ወንድም እህትዎ በጉበት ታመው ከሞቱ ሳያምዎትም ይመርመሩ። ውጤቱ ቫይረስ አለ ካለ ደግሞ ከ6 ወር በኋላ ድጋሚ ይታያል፤ ያኔም ካለ ሥር የሰደደ ነው ይባላልና የጉበትዎ ሁኔታ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ሁሉም ተሸካሚ ግን ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ ማቀፍ ቫይረሱን አያስተላልፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን። ባለቤትዎና ልጆችዎም ይመርመሩ፤ ያልተያዘው ይከተብ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። መክፈል ለማይችሉ የመንግሥት ድጎማ አለ፤ ዝርዝሩ የሚወጣው በቀበሌ ስለሆነ በቀበሌው መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ቤተሰብ ሊዘለል ይችላል። ምዝገባው ክፍት በሚሆንበት ወቅት ሄዶ ስምን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር። የክትባት መዝገቡ ላይ ከቀበሌው ቀጥሎ የጎጡን ስም ጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ጎጥ ልጆች ለየብቻ ደምሩ። አዲስ ቅጽ አያስፈልግም፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ቢጻፍም ይበቃል። ከ95 ከመቶ በታች የወጣው ጎጥ የሚቀጥለው ጉዞ የሚጀመርበት ነው፤ ጀልባ በሌለበት ሳምንት ሳይሆን ሐይቁ በሚረጋበት ማለዳ ይያዝ፤ ሦስት ልጅ ብቻ ቢመጣም ጠርሙሱ ይከፈት።